ኑሪያ ያስነሳችው ሞተር

ኑሪያ መርሳ ዳር ካለው ዱቄት ፋብሪካ ስትቀጠር ሥራዋ መመዝገብ ነበር። ማሽኑ መቼ ተነሳ፣ መቼ ቆመ፣ ለምን ቆመ። ሠራተኛው "ሰላይዋ" እያለ ያማት ጀመር።

በወሩ መጨረሻ የደረሰችበትን ለዋናው መካኒክ ለጋሽ ዳምጠው አቀረበች። ማሽኑ መሥራት ከነበረበት ሰዓት የሠራው ከመቶ ሰባውን ነው፤ በሠራበት ሰዓት የፈጨው፣ መፍጨት ከሚችለው ሰባ አምስቱን፤ ከፈጨውም ለገበያ የሚበቃው ሰማንያው ብቻ። ሦስቱ ሲባዙ የማሽኑ ውጤታማነት ከመቶ አርባ ሁለት።

"ግማሹን እንኳ አይሠራም ነው የምትይኝ?" አሉ። ሃያ ስድስት ዓመት በእጃቸው ያቆዩት ማሽን ነው።

"ማሽኑ ምን አደረገ ጋሼ። አሥራ አንዴ የቆመው የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ እየተቃጠለ ነው። ግሪስ የሚያገኘው እሁድ እሁድ ብቻ ነዋ።"

ሦስት ቀን አኮረፏት። በአራተኛው የግሪስ ቆርቆሮ አንጠልጥለው መጡና "በየፈረቃው ነው ያልሽው?" አሏት። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ ሆኑ። ቺንጋው ሳይበጠስ ይቀይራሉ፣ ወንፊቱ ሳይደፈን ይጠርጋሉ። በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሰኔ ያ አርባ ሁለት ወደ ስልሳ አራት ሲያድግ ጋሽ ዳምጠው ሠራተኛውን ሁሉ ለስላሳ ጋበዙ።

ክረምቱ ሳይወጣ ጦርነቱ መርሳ ገባ። መብራት ጠፋ፤ ባለቤቱ ወደ ደሴ ሸሸ። ኑሪያ አልጋ የያዘች እናቷን ጥላ የት ትሂድ? ጋሽ ዳምጠውም "በዚህ ስኳሬ የት ድረስ እራመዳለሁ" ብለው ቀሩ።

ወፍጮ ሁሉ ዝም አለ። እህል ያለው ቀቅሎ በላ። ጥርስ ለሌለው ሽማግሌና ለሕፃን ግን ንፍሮ ምን ያደርግለታል? አንድ ጠዋት ሴቶች የእህል ቋጠሯቸውን ይዘው ፋብሪካው በር ላይ ቆሙ። ከመካከላቸው ዘይነባ የምትባል አራስ ነበረች። "በአላህ ይሁንባችሁ፣ አንድ ነገር አድርጉ፤ ጡቴ ደርቋል" አለች።

ጄኔሬተሩ ውስጥ ጥቂት ናፍጣ ቀርቷል።

"ድምፁ ሩቅ ይሰማል፣ ልጄ። ይቅርብን" አሉ ጋሽ ዳምጠው።

ኑሪያ ግን አስልታዋለች። ትልቁን ማሽን ትተው ትንሿን ወፍጮ ብቻ ካስነሱና ሳትቆም ከሠራች፣ ናፍጣው አራት ቀን ይዘልቃል፤ መቶ ሃምሳ ቤት ዱቄት ያገኛል።

"እናስነሳው" አለች።

ሦስት ቀን ፈጩ። ማሽኗ አንዴ እንኳ አልቆመችም። ኑሪያ በዕድሜዋ እንደዚያ የሰመረ ሥራ ሠርታ አታውቅም።

በአራተኛው ቀን ከቀትር በኋላ ታጣቂዎች ድምፁን ተከትለው በጭነት መኪና መጡ። ጄኔሬተሩን ነቀሉ፤ ሞተሮቹን ከትልቅ እስከ ትንሽ ነቀሉ፤ የሴቶቹን እህል ከላይ ጫኑበት። ጋሽ ዳምጠው "የሕዝብ ጉሮሮ ነው፣ እባካችሁ" ብለው ቢጠጉ አንዱ ደረታቸውን በሰደፍ መታቸው። ወድቀው በሰው ሸክም ቤታቸው ገቡ። የስኳር መርፌያቸው ሲያልቅ ክፍት ፋርማሲ አልተገኘም። በጥቅምት ሞቱ።

ጦርነቱ ከመርሳ ከወጣ በኋላ የጉዳት መዝጋቢዎች ከወልዲያ ቅጽ ይዘው መጡ።

"ከጦርነቱ በፊት የማሽኑ ውጤታማነት ስንት ነበር?"

"ስልሳ አራት።"

"አሁንስ?"

ኑሪያ ብሎን ብቻ የቀረበትን ሲሚንቶ አሳየቻቸው። ጽፈው ሄዱ፤ አልተመለሱም።

አሁን መናኸሪያው በር ላይ ማንጎ ትሸጣለች። አንድ ቀን የጋሽ ዳምጠው ባለቤት እትዬ በላይነሽ ፊቷ ቆሙ።

"እሱ ይቅርብን ብሎሽ ነበር አሉ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው፣ እትዬ።"

ኑሪያ አንገቷን ደፍታ እርግማኑን ጠበቀች። እትዬ በላይነሽ አልረገሟትም። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ገበያው ውስጥ ገቡ። ቢረግሟት ይሻላት ነበር።