የቅጠል ጀርባ

«ጋሽ ሙጫ» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎች ናቸው። እሳቸው ከጫካ ተቆርጦ የመጣውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል ተጭነው ያደርቃሉ፣ በወፍራም ነጭ ወረቀት ላይ ይለጥፋሉ፣ ከታች በቀኝ በኩል ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣና ማን እንዳዘጋጀው ይጽፋሉ። በዩኒቨርሲቲው የዕፅዋት ክፍል ውስጥ ይህንኑ ሲሠሩ ሠላሳ አንድ ዓመት አለፋቸው። ታዲያ እጃቸው እጅ ነበር። እሳቸው የለጠፉት ቅጠል እንኳን ሊረግፍ ጫፉም ቀና አይል።

ሥራውን ያስተማሯቸው ዛሬ በሕይወት የሌሉት ፕሮፌሰር ነበሩ። እኒያ ደግ ሰው በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አጥብቀው ነገሯቸው፤ በየወረቀቱ ቢያንስ አንድ ቅጠል ጀርባው ወደ ላይ ሆኖ ይለጠፍ አሏቸው። ጋሽ ሙጫም ለጥቂት ዓመታት እንደተባሉት አደረጉ። ኋላ ግን አንድ እንግዳ ለጉብኝት መጣና፣ በስሕተት ሁሉም ቅጠል ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ የተለጠፈበትን ወረቀት አንስቶ ይህስ ሥዕል ነው ብሎ አደነቀ። ከዚያ ወዲህ የተገለበጠ ቅጠል፣ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ አደባባይ እንደወጣ ሰው አስጠላቸው። መገልበጡን እርግፍ አድርገው ተዉት። ፕሮፌሰሩም ዓይናቸው ደክሞ ነበርና ልብ አላሉም።

አንዲት ልጃቸው እዚያው ክፍል ገብታ ተማረች። ለመመረቂያ ጥናቷ የመረጠችው ነጭ አበባ የሚያወጣ የቆላ ቁጥቋጦ ነው። ሁሉም አንድ ዝርያ ነው ይሉታል፤ እሷ ግን ሁለት ነው ብላ ጠርጥራለች። አበባቸውም ፍሬያቸውም አይለያይም። ልዩነቱ ያለው ከቅጠሉ ጀርባ ነው፤ የአንደኛው ጅማት ስስ ጸጉር አለው፣ የሌላኛው ደግሞ ጅማቱ በሚለያይበት ቦታ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጉድጓድ አለችው። ቁጥቋጦው ይበቅልበት የነበረው ጫካ ተመንጥሮ ቤት ከተሠራበት አሥር ዓመት ሆኖታል። የቀረው ጋሽ ሙጫ የለጠፉት ስልሳ አራት ወረቀት ብቻ ነው። እሳቸውም ልጄ በኔ ወረቀት ልትመረቅ ነው እያሉ ለዘበኛው ሳይቀር አወሩ።

ወረቀቶቹ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ በተዘረጉ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ማጉያዋን ይዛ ከዳር እስከ ዳር ሄደች። ተማሪዎቹ ከበዋታል።

«ጋሽ ሙጫ፣ ጀርባው የታለ?» አለች።

«ከሥር ነው፣ ዶክተር።»

ሳቅ ሆነ።

«እሱንማ አወቅን። ስልሳ አራት ወረቀት ሙሉ አንዲት ቅጠል አልገለበጡም። ሠላሳ ዓመት የግድግዳ ጌጥ ነው ሲሠሩልን የኖሩት።»

አንዱ ተማሪ መጋረጃም ይወጣዋል ሲል ሳቁ ባሰ። ጋሽ ሙጫ የልጃቸውን ሳቅ ከሌላው ሁሉ ለይተው ሰሙት።

ከሰዓት በኋላ ልጅቱ ወደ መሥሪያ ጠረጴዛቸው መጣች። «አባዬ፣ የለጠፍከው አንተ ነህ፣ አንተው አላቅቀው» አለች። በማንቆርቆሪያ ውኃ አፈሉ፣ ወረቀቱን በእንፋሎት አራሱ፣ በቀጭን ምላጭ ሙጫውን ፈለቀቁ። ቅጠሉ እንዳይረግፍ ብለው ጀርባውን በሙሉ ሙጫ ቀብተውት ኖሮ፣ እንደ ደረቀ ቂጣ ይፈረካከስ ጀመር። ሦስት ቀን እንዲህ አለፈ። እሷ ከጀርባቸው ቆማ የተሰባበረውን ትቆጥራለች። በሦስተኛው ቀን አንድ ቅጠል ሳይሰበር ተነሳ። ልጅቱ በወረንጦ ነጥቃ ማጉያው ሥር አደረገችው።

ጀርባው መላጣ ነበር። ጸጉር ከነበረው ጸጉሩ ሙጫው ላይ ቀርቷል፤ ጉድጓድ ከነበረውም ሙጫ ደፍኖታል።

«ገፈኸዋል» አለችና ቅጠሉን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። ኃላፊዋም የቀረው እንዳይነካ፣ ተጠራቅሞ እንዲጣል አዘዘች።

ጥናቱ ተጽፎ ያለቀ ሰሞን ጋሽ ሙጫ ልጃቸው የምትሠራበት ክፍል ገብተው ቆሙ። ቁጥቋጦው አንድ ይሁን ሁለት ከእንግዲህ ማወቅ እንደማይቻል፣ ምክንያቱም የአዘጋጁ ጥፋት እንደሆነ ጽፋለች መባሉን ሰምተዋል።

«ስሜን ባታነሺው ምናለ?»

«ደንብ ነው፣ አባዬ። ያዘጋጀው ሰው ስም ይጻፋል።»

«ሽፋኑ ላይ'ኮ ካንቺ ስም ቀጥሎ ያው የኔ ስም አለ። ያየ ሰው ምን ይላል? ላንቺው ብዬ ነው።»

እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳች። ሆዷ የራራ መሰላቸው።

«እሱን አስቤበታለሁ» አለች። «ሽፋኑ ላይ አንተን ዘልዬ የአያቴን ስም አስገብቻለሁ። አታስብ።»

ጋሽ ሙጫ ራሳቸውን ነቀነቁ። ወደ በሩ ዞሩ። እሷ ወደ ጽሕፈቷ ተመልሳለች።

«ስትወጣ ያንን ካርቶን ይዘህልኝ ውጣ» አለች ቀና ሳትል፤ «ቦታ ይዞብኛል።»

ስልሳ አራቱም ወረቀቶች ያሉበትን ካርቶን አነሱት። ደረቅ ቅጠል ነውና አልከበዳቸውም።