ፎርሙ ላይ «እንግሊዝኛ» ብዬ የሞላሁት እኔው ነኝ

ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ የልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ርዕሰ መምህሯ የገዛ ፊርማዬን አውጥታ አሳየችኝ።

የሄድኩት አማርኛም እንደ ስፓኒሽ በክፍል ይሰጥልን ብዬ ልከራከር ነበር።

ማስረጃዬ አብራኝ የምትሠራ አየርላንዳዊት ናት። ሂሳቡንም ሳይንሱንም የተማረችው በአይሪሽ ቋንቋ ነው። አገሯ ላይ ወላጆች ተሰባስበው ጠየቁ፣ መንግሥት ደግሞ የአስተማሪዎቹን ደሞዝ ቻለ።

ይህን ሁሉ ደረቴን ነፍቼ አስረዳሁ።

ርዕሰ መምህሯ በጥሞና ሰማችኝና «ጥያቄህ ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ጋ አማርኛ የሚወራበት ቤት ያለ አይመስልም» ብላ የልጄን የሳራን የምዝገባ ፎርም ዘረጋችልኝ። «በቤት ውስጥ የሚነገር ቋንቋ» የሚለው ቦታ ላይ «እንግሊዝኛ» ይላል። የእጅ ጽሑፉ የኔ ነው!

መቼም ታውቁታላችሁ። አማርኛ ካልን ልጁን እንግሊዝኛ ገና ከሚጀምሩት ጋር ይከቱብናል ብለን ፈርተን ነው።

እኔ ቤት እንግሊዝኛ የሚያወራው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። እሺ፣ ሳራም።

እዚያው አዲስ ፎርም ተቀብዬ በትልቁ «አማርኛ» ብዬ ጻፍኩ።

«ዳዲ፣ ሲሪየስሊ?» አለችኝ ሳራ አጠገቤ ሆና።

«አዎ፣ ሲሪየስሊ።»

ሌሎቻችንም ካስተካከልን፣ ርዕሰ መምህሯ ጥያቄውን ለካውንቲው ትምህርት ቢሮ አቀርባለሁ ብላለች። ክፍሉ ይከፈታል፤ አልጠራጠርም። የጠፋው መንግሥት ሳይሆን እኛው ነበርን።

እናንተስ እዚያ ቦታ ላይ ምን ብላችሁ ሞላችሁ? ሰኞ ሄዳችሁ ቀይሩት። እስከዚያው ኮሜንት ላይ ተናዘዙ።

በአማርኛ።