ለመሪማ የመረጥኩት ቀለም

ባለፈው ሳምንት ዋጃ ስሄድ የጓደኛዬ የመሪማ ልጅ ክፍሏን ልታስቀባ ግድግዳው ላይ ሁለት ቀለም ጎን ለጎን ሞክራ ጠበቀችኝ። አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ እንደ እርድ የደመቀ ቢጫ። «አክስቴ፣ የቱ ይሻላል?» አለችኝ። ይህንኑ ጥያቄ በወጣትነቴ፣ እዚሁ ቤት፣ አባቷ ሁሴን ጠይቆኝ ነበር።

ሁሴንን ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። ቆቦ ገበያ በመጣ ቁጥር እናቴ እህል ከምትሸጥበት ጎራ ይላል፤ እኔን ብሎ መስሎኝ ሻሼን አስተካክላለሁ። ለካ ሰውዬው የሚያየው አጠገቤ የምትቀመጠውን መሪማን ኖሯል። ሽማግሌ ሲልክላት እህል ውሃ አስጠላኝ። እልልታውን ግን ከሁሉ በላይ ያቀለጥኩት እኔ ነበርኩ፤ ምን ላድርግ።

ሙሽራ ከሠርጓ በፊት የባሏን ደጅ አትረግጥም። ስለዚህ የክፍሏን ቀለም እንድመርጥላት መሪማ እኔን ላከችኝ። «ዘሙ፣ አደራ ደማቁን። ጨለምለም ያለ ቤት ሆድ ያስብሰኛል» አለችኝ።

የማሽላ እሸት የደረሰበት ጥቅምት ነበር። ጭነት መኪና ላይ ተሳፍሬ ጥብስ እሸት በመዳፌ እያሸሁ ዋጃ ሄድኩ፤ ያን ቀን ግን አልጣመኝም። ሁሴን እጁ ላይ ኖራ እንደደረቀበት ሰማያዊና ደማቅ ቢጫ ቀለም አሳየኝ። ሰማያዊው እኔ ለገዛ ቤቴ ሳልመው የኖርኩት ነው።

«መሪማ የቱን ትወዳለች?» አለኝ።

«ሰማያዊውን።»

ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እሱ ካልሆነልኝ፣ ጠዋት ዓይኑን ሲገልጥ የእኔን ምርጫ ይይ አልኩ። ቆቦ ስመለስ የመሪማን ፊት ማየት ከበደኝ።

ከሠርጉ በኋላ ልጠይቃት ስሄድ ግድግዳውን አየች፣ እኔን አየች። «ደግ መርጠሻል» አለችኝ። አልገባትም ብዬ ተጽናናሁ። ሁሴንም ቤቱን ባደሰ ቁጥር ያንኑ ሰማያዊ ቀባ።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ፊት ስንተባተብ መሪማ በበሩ ብቅ አለች። «እሷን አትጠይቂ ልጄ፤ ለራሷ የምትወደውን ነው የምትመርጥልሽ» አለች እየሳቀች።

መደቡ ላይ የተቀመጠው ሁሴን ቀና አለ። «ሰማያዊ የምትወጂው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ኧረ ወላሂ፣ አንድ ቀን ወድጄው አላውቅም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ምነው ዝም አልሽ?»

«ዘሙን ትቀየማታለህ ብዬ።»

የእኔን ገመና ሸፍና በማትወደው ቀለም ውስጥ አርጅታለች። አፈርኩ። ከሀፍረቴ ጋር ግን ያ የድሮው ነገር ብቅ አለ፤ እኔ ብሆን ያን ያህል አልችልም ነበርና፣ እንደገና ቀናሁባት። ልጅቷ አሁንም መልሴን እየጠበቀች ነው።

«ቢጫውን» አልኳት።