የፊልም ተርጓሚው አልጋ

ሰኔ ነበር ይላል ይሳቅ፤ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ሰኔ መግቢያ ላይ። ያን ቀን ሲያስታውስ ሁልጊዜ ከሰኔ ይጀምራል፤ የድሬዳዋ ሰኔ ለብዙ ነገር ሰበብ ይሆናል። ቀጥሎ ግን ሚስቱ ሃኒ ሹራብ ለብሳ እንደነበር ትዝ ይለዋል። በሰኔ ሹራብ? እንግዲያው ኅዳር ነው። ጥርም ሊሆን ይችላል። ሰኔ ቢሆንለት ግን ደስ ይለው ነበር።

ይሳቅ መጋላ ሰፈር ውስጥ በዐብዲሻኩር ፊልም ቤት ተርጓሚ ነው። ማይክ ይዞ ከፕሮጀክተሩ ጎን ይቀመጥና የፈረንጁንም የሕንዱንም ፊልም እያየ በአማርኛ ይተርካል፤ ሲያስፈልግ ሶማሊኛና ኦሮምኛ ጣል ያደርግበታል። ሰው የሚመጣው ለፊልሙ ሳይሆን ለእሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሌላም ሥራ አለው። ፊልሙ ላይ ሁለት ሰዎች ለመሳሳም ሲጠጋጉ መዳፉን ፕሮጀክተሩ ፊት ይደቅናል። ግድግዳው በግዙፍ ጣቶች ይሸፈናል፣ ጎረምሶች ያጉረመርማሉ፣ እናቶች ይመርቁታል። የከተማው ጨዋነት በዚያ መዳፍ ላይ የተንጠለጠለ ይመስል ነበር።

ያው መዳፍ ቤት ሲገባ ስልክ ይይዛል። ስልኩ ላይ የሚያያቸውን ራቁት ሴቶች የሚሸፍንለት ተርጓሚ የለም። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ አልጋ አወጣና በረንዳ ላይ መተኛት ጀመረ። በሙቀት ወራት ውጭ ያልተኛ የድሬ ሰው ማን አለ? ማንም ምንም አላለም። ሙቀቱ አለፈና ጎረቤቱ ሁሉ አልጋውን አስገባ። የይሳቅ አልጋ እዚያው ቀረ። "እኔን ሙቀቱ አልለቀቀኝም" ይላል፣ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫው ስቦ። ከብርድ ልብሱ ሥር ሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ሃኒ በመስኮት ታየዋለች። የሆቴል እንግዳ ተቀባይ ናት፤ እያወቁ አለመጠየቅ ሥራዋ ነው።

በኋላ ዐብዲሻኩር ከምሳ በኋላ "ለባልና ሚስት ብቻ" የሚል ፕሮግራም አወጣ። ፊልሙ የፍቅር ኮሜዲ ነው ተባለ። ይሳቅ ፊልም አስቀድሞ አያይም፤ "ትኩሱን ካልተረጎምኩት አይጥምም" ባይ ነው። ያን ቀን ሃኒ ለመጀመሪያ ጊዜ መጥታ ከፊት ተቀመጠች።

ፊልሙ ጀመረ። ሰውየው ቆንጆ እጮኛ አለችው፤ እሱ ግን ከራቁት ፊልም ዓይኑን መንቀል አቅቶታል። እጮኛው ኮምፒውተሩን ከፍታ ደረሰችበት። ይሳቅ ከፊት የተቀመጠችውን ሃኒን አየ።

"ይሄ ልጅ..." አለ በማይኩ፣ "ይሄ ልጅ የጫት ሱስ አለበት።"

ወንዶቹ ማላመጣቸውን አቆሙ። ሰዓቱ የበርጫ፣ ተሰብስቦ ጫት የመቃሚያ ሰዓት ስለሆነ ጉንጩ ያልተወጠረ ወንድ አልነበረም።

"እና ምን አጠፋ?" አለች ዐስሊ፣ ቀፊራ ገበያ ልብስ የምትሸጠው።

"ደብቆ ነው የሚቅመው።"

"ኮምፒውተር ውስጥ?"

"እነሱ አገር በኮምፒውተር ነው የሚታዘዘው።"

"ወላሂ ሥልጣኔ!" አለ ባሏ ዒልሚ።

"ታዲያ ልጅቷን ምን ያስለቅሳታል?" አለች ዐስሊ።

"ሳይጋብዛት ቀርቶ ነዋ።"

"እሱስ ነውር ነው" አለና ዒልሚ ከእጁ ቀንጥሶ ለሚስቱ አቀበላት። አዳራሹ አጨበጨበ።

ሰውየው ከሱሱ ለመዳን እንደሱ ካሉ ወንዶች ጋር ክብ ሠርቶ ተቀመጠ። "በርጫ ላይ ናቸው" አለ ይሳቅ፣ እፎይ ብሎ።

"ጫቱ የታለ?"

"አልቆባቸዋል። አያችሁ ሲያለቅሱ?"

ይህን ማንም አልተጠራጠረም። በመጨረሻ ሰውየውና እጮኛው በረዶ ላይ ፊት ለፊት ቆሙ። ይሄኔ ሃኒ ከወንበሯ ተነሣች።

"ይሳቅ፣ አሁን የሚላትን እንዳለ ተርጉመው።"

አልጮኸችም። ይሳቅ ማይኩን በሁለት እጁ ያዘ።

"እነዚያን ሴቶች አያቸዋለሁ፣ እነሱ ግን አያዩኝም፤ ለዚህ ነው የማልፈራቸው። አንቺ ግን ታዪኛለሽ።"

ተዋናዩ እዚህ ላይ አፉን ዘጋ። ይሳቅ አልዘጋም።

"በረንዳ ላይ የምተኛው ከሙቀቱ አይደለም። ሙቀቱ ካለፈ ቆየ። አልጋውን መልሼ ማስገባት አፍሬ ነው።"

"ዋሪያ ይሳቅ!" አለች ዐስሊ። "በረዶ እየወረደ የምን ሙቀት ነው? ደግሞ የምን ሴቶች? ጫት አላልክም?"

ሳቁ አዳራሹን ናጠው። በሳቁ መሐል ሁለቱ ተዋንያን መጠጋጋት ጀመሩ። ሁሉም የይሳቅን መዳፍ ጠበቀ፤ መዳፉ ከጉልበቱ አልተነሣም። መጋላ ግድግዳ ላይ አንድ መሳም ከነሙሉ ርዝመቱ ታየ። እናቶች ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው በጠርዙ ተመለከቱ። ይሳቅ የሃኒን ፊት ብቻ ማየት ፈለገ፤ የፕሮጀክተሩ ብርሃን ግን ዓይኑን ወጋው።

መብራት ሲበራ ወንበሯ ባዶ ነበር። ማይኩን ለዐብዲሻኩር አስታቅፎ ሮጦ ወጣ። ሃኒ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋዋለች። አየችው፤ ረጅም አየችው። ቤት ልትሄድ ነው ወይስ እናቷ ዘንድ? ይሳቅ ከፊቷ ማንበብ አልቻለም። ሊጠይቃት የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አልጋውን ላስገባው ወይ? አፉን ሲከፍት ባጃጁ ተነሣ።