ከጠርሙሱ ወዲያ

የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ጋሽ አየር ይላቸዋል። ሥራቸው የኦክስጅን ሲሊንደር ማመላለስ ነው። ሰው የሚያክለውን ብረት በሁለት ጎማ ጋሪ አስደግፈው፣ ከመጋዘን ወደ ሕሙማን ክፍል ሲገፉ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል።

ያወቅኋቸው አያቴን ሳስታምም ነው። አያቴ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሳንባው ደክሞ መስኮቱ ሥር ካለው አልጋ ላይ ዋለ።

«አንተ አየር! ዛሬስ አዲሱን ነው ያመጣኸው፣ ወይስ ጎረቤቴ ተንፍሶ የመለሰውን?» ይላቸዋል።

«በልክህ ነው የሰፋሁት። እጅጌው ብቻ ትንሽ ይረዝማል» ይሉታል ጋሽ አየር።

ኦክስጅኑ አፍንጫ እንዳያደርቅ መጀመሪያ በውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያልፋል። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በሰው ራስጌ የምትፈልቅ ትንሽ ምንጭ! ስሰማት ውዬ አልጠግባትም ነበር። ጋሽ አየር ግን ፊታቸውን ከጠርሙሱ ያዞራሉ። ቱቦውን ከሥሩ ይዘው፣ በጨለማ ገመድ እንደሚከተል ሰው ጣት በጣት እየዳበሱ እስከ አያቴ አፍንጫ ይሄዳሉ። ጫፉን ነቅለው ወደ ጉንጫቸው ያስጠጋሉ። ከዚያ በኋላ ነው እፎይ የሚሉት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የአያቴ አንሶላ ተቀየረ። ብዙም ሳይቆይ ጣቱን የቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ መውረድ ጀመረ። ዘጠና ሦስት፣ ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ አንድ። ከንፈሩ ጠቆረ። ነርሷን ጠራኋት።

ጠርሙሱን አየት አድርጋ፣ «ውሃው ቡልቅ እያለ ነው እኮ፤ ኦክስጅኑ እየሄደ ነው። ሲገላበጥ ደክሞት ይሆናል፣ ይረፍ» አለችኝና ወደሚቀጥለው አልጋ ዞረች።

ጋሽ አየር በር ላይ ነበሩ። ጋሪያቸውን እዚያው ትተው መጡና ተንበረከኩ። እጃቸው ቱቦውን ተከትሎ ሄዶ ሄዶ ብርድ ልብሱ ሥር ቆመ። ቱቦው መገጣጠሚያው ላይ ተላቅቆ ኖሯል፤ ኦክስጅኑ ፍራሹ ላይ ይነፍሳል። ገጠሙት። ሰማንያ አራት። ሰማንያ ዘጠኝ። ዘጠና ሁለት።

አያቴ ዓይኑን ገለጠ። «ፍራሹስ ተሻለው?»

እኔ ስስቅም ሳለቅስም ነርሷ ፊቷ ላይ ደም አልነበረም። «ጋሽ አየር፣ በሞቴ ለኃላፊዋ እንዳይነግሩብኝ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ስድስት ወሬ ነው።»

የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ተቀምጠው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

«የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት እዚሁ ክፍል አንዲት አስተማሪ ተኝታ ነበር» አሉ። «ልጇ፣ ‹እየደረሳት ነው?› ብላ ጠየቀችኝ። ‹ቡልቅ ሲል አይታይሽም?› ብያት ጋሪዬን ገፋሁ። ስመለስ ሴትዮዋ ቀዝቅዛለች። ቱቦው ትራሱ ሥር ተላቅቋል። ገጠምኩት። ማንም አላየኝም። ሐኪሙ ሳንባዋ ቀድሞ አልቋል አለ። ይሆናል፤ እኔ ግን መቼም አላውቀውም። ልጅቷ አመስግናኝ ሄደች።»

ፊታቸውን ከጠርሙሱ አዞሩ። ጠርሙሱ ያወራል።

«ሚስቴ ድስት የምትጥደው እኔ ከቤት ስወጣ ነው። ሲንተከተክ መስማት አልችልም። ልጄ፣ ጠርሙሱ የሚነግርሽ መውጣቱን ነው፤ መድረሱን አይነግርሽም። እኔ አልናገርብሽም። አንቺው ጻፊው። ካልጻፍሽው አብሮሽ ቤት ይገባል።»

ነርሷ መዝገቡን አንስታ ጻፈች።

«ልጅቷንስ... ነገሯት?» አለቻቸው።

«ቤቷን አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት በዚያ መንገድ አላለፍኩም።»

በማግስቱ ጋሪውን የገፋው ሌላ ሰው ነው። አያቴ፣ «አየሬን የት አደረሳችሁት?» አለ።

ነርሷ ጣቶቿ ቱቦው ላይ ነበሩ፤ ከሥሩ ጀምራ እየዳበሰች ነው። «ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። የሚያንኳኩት በር አላቸው።»

ማን ከፈተላቸው፣ ምን ተባሉ፣ አላውቅም። ያቺ ትንሽ ምንጭ ራስጌው ላይ ቡልቅ ቡልቅ ትላለች። ፊቴን አዞርኩና ጉንጬን ወደ አያቴ አፍንጫ አስጠጋሁ።