ከቅጹ ጀርባ

ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቷል። በእጁ ያለፈው ወረቀት ቢደራረብ ቤታችንን ከነጣሪያው ይውጣል፤ ካተመው ውስጥ ግን አንድ ገጽ እንኳ አላነበበም። ቀለሙ እኩል መሆኑን ያያል፣ መስመሩ መዛነፉን ያያል፣ ጥግ ላይ የቀረች ጠብታ አታመልጠውም። ምን እንደሚል ስጠይቀው፣ «እኔ ምን አገባኝ? ማንበብ የአራሚዎቹ ሥራ ነው» ይለኝ ነበር። እኔም እስቅ ነበር፤ ሞኝ።

ጡረታው ሲቃረብ ሥራዬ መጨቅጨቅ ብቻ ሆነ። የልብ መድኃኒት ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው፤ የሚከፍልልኝም በእሱ መሥሪያ ቤት በኩል የገባነው የጤና መድን ነው። «አንተ ስትወጣ የእኔ ነገር እንዴት ነው የሚሆነው?» ስለው ጫማውን እያወለቀ፣ «አንቺ ደግሞ ሌላ ወሬ የለሽም? የመድኑን ቅጽ እኮ በገዛ እጄ ነው የማትመው። ይቀጥላል» ይለኛል። ዓመት ሙሉ መልሱ ይቺው ነበረች።

በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ፋርማሲ ሄድኩ፤ «ካርድዎ አይሠራም» ብለው መለሱኝ። ተያይዘን ወደ መድን ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ቅጹን ገልብጣ፣ ግርጌው ላይ ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየችን። ሠራተኛው ጡረታ ከመውጣቱ ከሦስት ወር በፊት ሚስቱን በዚህ ቅጽ ካላስመዘገበ፣ ከዚያ በኋላ ሽፋኑ ለራሱ ብቻ ነው ይላል።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ እኮ ተጽፏል» አለችው።

ባሌ ቅጹን ተቀብሎ እንደ ልማዱ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። «አዎ፣ ይቺን መስመር አስታውሳታለሁ» አለ። «ቀለም አልይዝ ብላ ሁለት ቀን አስቸግራኛለች።»

እዚያው ባንቀው ደስ ባለኝ። ቢሮውንም ጭምር። የሰው ነፍስ የተንጠለጠለበትን ነገር ከጀርባ፣ በዚያች ፊደል የሚጽፍ ምን ዓይነት ሰው ነው? ይህንኑ ጠየቅኳት።

«እንግዲህ ደንብ ነው፣ እናቴ» አለችኝና ቀጣዩን ጠራች።

ከዚያ ወዲህ ባሌ ያነባል። የሳሙና መጠቅለያ ያነባል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነባል፣ የመብራት ደረሰኝ ጀርባ ሳይቀር መነጽሩን ሰክቶ ያነባል። ይቅርታ መጠየቁ መሆኑ ነው። የባሰ ያናድደኛል።

ትናንት ቁርስ ላይ የመድኃኒቴን ፓኮ አንስቶ ገለባበጠው። «ይሄ የሠላሳ ቀን ነው የሚለው» አለ። «ከተገዛ ሃምሳ ቀን ሆኖታል።» ከዚያ ውስጡን ቆጠረ። «ገና አምስት ፍሬ አለው።»

ቀና ብሎ አየኝ። ቀን እየዘለልኩ እንደምውጥ የገባው ያኔ ነው።

«አሁን ነው ማንበብ የተማርከው?» አልኩትና ፓኮውን ተቀበልኩት። የመዋጫው ተራ ዛሬ እንጂ ትናንት አልነበረም። ሳልውጥ መልሼ መሳቢያው ውስጥ ከተትኩት።