የአምባሰሉ ሰርግና ቤዝ ጊታሬ

እህቴ ከጅዳ ስትመለስ ሁለት ክር የጎደለው ጊታር ይዛልኝ መጣች። እሷ እንደዚያ ነው የመሰላት። በስልክ ባገኘኋት ቁጥር ጊታር እያልሁ ስነዘንዛት ስለከረምሁ፣ የአሠሪዎቿ ልጅ ሰልችቶት ጥግ ላይ የጣለውን መሣሪያ ማዳሟን ለምና ወሰደችው። በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በፕላስተር ግጥም አድርጋ አሽጋ፣ ሐይቅ ከተማ ቤታችን ድረስ አደረሰችው። ሳሎን ውስጥ ስንፈታው ክሮቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብ ብላ አየቻቸውና ደነገጠች። «ክራር እንኳ ከዚህ ይሻላል። ወላሂ፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ነው የወደቁት» አለች።

ቤዝ ጊታር ነበር። አራት ወፍራም ክር፣ ረጅም አንገት፣ ሲያነሡት ጠቦት የሚያክል ክብደት። አመሰገንኋት እንጂ በውስጤ ከፍቶኝ ነበር። እኔ የፈለግሁት ፊት ተቁሞ የሚመታውን ነው። ሰርግ ላይ ቤዝ የሚጫወተውን ማን ያየዋል? ቪዲዮ አንሺው እንኳ ካሜራውን ወደ እሱ የሚያዞረው ሌላ ሰው ሲፈልግ በስህተት ነው።

አምፕሊፋየር አልነበረኝም። ያለ አምፕሊፋየር ክሩ ሲንቀጠቀጥ ታየዋለህ እንጂ ድምፁ ጆሮህ አይደርስም። ስንት ጊዜ አንሥቼ ጣልሁት። አንድ ቀን ተናድጄ ስነሣ የአንገቱ ጫፍ ቁም ሳጥኑን ነካና ቁም ሳጥኑ አገሣ። ከዚያ ወዲያ ጫፉን እንጨቱ ላይ አስደግፌ፣ ጆሮዬን የቁም ሳጥኑ በር ላይ ለጥፌ ተማርሁ። ከግድግዳው ማዶ የምትተኛው እናቴ «ያረቢ፣ ምን ገብቶበት ነው ይሄ ቁም ሳጥን የሚያጉረመርመው?» ትል ነበር። በኋላ ለመደችው። ዝም ስል «ደከመህ እንዴ?» ማለት ጀመረች።

መምህሬ ስልኬ ነው። ኔትወርክ ሲገኝ ዘፈን አወርዳለሁ፤ ቤዙን ከሌላው ድምፅ ለይቼ እስክሰማው ድረስ እየመለስሁ አዳምጠዋለሁ። የጣቶቼ ጫፍ ውኃ ቋጠረ፣ ፈነዳ፣ ደደረ። ግን አንድ ዘፈን ከዳር እስከ ዳር ጨርሼ አላውቅም። ግማሽ ላይ ስደርስ ሌላው ያምረኛል፤ ይህንን ጥዬ ወደዚያ እሄዳለሁ። ጠባዬ ነው። መቀመጥ አይሆንልኝም። ሻይ ቤት ገብቼ ሻዩ ሳይቀርብ እነሣለሁ። ቤት ሲጠበኝ አርዲቦ ሐይቅ ድረስ በእግሬ እሄድና ውኃውን አንዴ አይቼ ወዲያው እመለሳለሁ። 

ከተማዋም አታሳርፍም። ከደሴ ወልድያ የሚሄደው ሁሉ በመሃሏ ነው የሚያልፈው። ረዳቶቹ ከጠዋት ጀምሮ የሌላ አገር ስም እየጠሩ ይጮኻሉ። አብሮ አደጎቼ አንድ በአንድ ዓረብ አገር ገብተዋል፤ በስልክ ሲደውሉ ከኋላቸው የሚሰማው የመኪና ጩኸት እንኳ ያስቀናኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሲሄድ እያዩ መቅረት ቅጣት ሆነብኝ።

መሄድ ግን አልችልም ነበር። እናታችን ስኳር አለባት፤ ዓይኗም ደክሟል። የኢንሱሊን መርፌዋን ጠዋትና ማታ የሚወጋት ሰው ያስፈልጋታል። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፤ እህቴ ጅዳ በነበረችበት ዘመን ሁሉ መርፌው የእኔ ሥራ ነበር። ተመልሳ መናኸሪያው አጠገብ ጭማቂ ቤት ስትከፍት «በቃ፣ አሁን ተራዋ ነው» አልሁ በልቤ። እሷ ደግሞ በሆነ ባልሆነው «ከረመዳን በኋላ እመለሳለሁ፤ ማዳሜ ትፈልገኛለች» ትላለች። ረመዳን መጣ፣ አለፈ፣ አልሄደችም። ወሬዋ ነው ብዬ ተውሁት። ነገሩ ግን ለሁለታችንም ግልጽ ነበር፤ መሄድ የምንችለው ከሁለት አንዳችን ብቻ ነን።

ዕድሌ የመጣው ከደሴ ነው። በየሰርጉ የሚጫወት አንድ ባንድ ነበር፤ ቤዝ ተጫዋቹ ድንገት ጥሏቸው ሄደ። ባንዱን የሚመራው ኪቦርድ ተጫዋች እኔን ሐይቅ ላይ፣ በአንድ ምርቃት፣ በተውሶ አምፕሊፋየር ስጫወት አይቶኝ ኖሮ ደወለልኝ። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ ቋሚ ሥራ አግኝተዋል፤ ከመሄዳቸው በፊት ግን አምባሰል፣ ውጫሌ አካባቢ፣ የተቀበሉት ሰርግ አለ። «ሰርጉን አብረኸን ተጫወት። ከሆንህልን በዚያው ይዘንህ እንሄዳለን» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ በሩጫ ጭማቂ ቤት ገባሁ። እህቴ ብርጭቆ እያጠበች ነበር። ስነግራት ቀና አላለችም። «ሂድና ሞክራ» አለች።

የሰርጉ ቤት ከውጫሌ ወጣ ብሎ ነው። ድንኳኑ ሰፊ፣ ጄኔሬተሩ ጯሂ፣ ዘመዱ ብዙ። ለእስላሙ ዘመድ በሬው ለብቻ ታርዶ፣ ድስቱም ለብቻ ተጥዶ ነበርና እኔና ድራም መቺው እዚያ በላን። መጀመሪያ የተጫወትናቸው ሞቅ ያሉ ዘፈኖች ናቸው። ፈጣን ነገር ይመቸኛል፤ ጣቶቼ ይሮጣሉ፣ እኔም አብሬ እሮጣለሁ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዞር እያለ ሲያየኝ ዓይኑ ላይ ደስታ አየሁ። አዲስ አበባ የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሽማግሌዎቹ አምባሰል ይዘፈን አሉ። በአገሩ ሌላው ሁሉ ቢቀር አምባሰል አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ። አምባሰል አምስት ድምፅ ነው። እነዚያኑ አምስት ድምፆች ይዘህ ሌላኛው ላይ ብታርፍ ግን ዘፈኑ ትዝታ ይሆንብሃል፤ ያውም ማይነር የሚሉት፣ አንጀት የሚበላው ትዝታ። አንድም ድምፅ አልጨመርህ፣ አንድም አልቀነስህ። የተለወጠው የምታርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ያንን ቦታ የሚያሲዘው ደግሞ ቤዝ ነው። ዘፋኟ ከላይ ሆና ምንም ብትል፣ ቤዙ ከሥር ሌላ ቦታ ከቆመ ጆሮ የሚያምነው ቤዙን ነው። ይህን አውቃለሁ። ጠይቃችሁኝ ቢሆን ኖሮ ሳላመነታ እነግራችሁ ነበር።

ዘፋኟ ከእኔ በዕድሜ ጠና ያለች የደሴ ሴት ናት። ድምፅዋን ስባ ስትጀምር እኔ አንዷን ድምፅ ይዤ መቆም ነበረብኝ። ቆምሁ። ወዲያው አሳከከኝ። ያ ሁሉ ሰው የሚያየኝ እኔን ይመስለኛል፤ ምንም እንደማያውቅ ሰው አንድ ክር ብቻ ስመታ። ትንሽ ወረድ አልሁ። አንድ ጣፋጭ ቦታ አገኘሁ፤ እዚያ ላይ ስቆም ነገሩ ሁሉ ለስለስ፣ ጥልቅ አለ። ደስ አለኝና ደጋገምሁት። እንዲያውም ዓይኔን ጨፈንሁ።

ስገልጥ ከፍ ብሎ የነበረው የሽማግሌዎቹ ዱላ ቀስ እያለ ወርዷል። የሙሽራዋ እናት ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። አጠገባቸው ያሉት ሴቶች አዩዋቸውና ተከተሉ። ትንሽ ቆይቶ ሙሽራዋም ኩሏ እየወረደ ነው። አንድ አዛውንት፣ የሙሽራዋ አጎት መሆናቸውን በኋላ ሰማሁ፣ ከወንበራቸው ሳይነሡ «ኧረ ልጆች፣ እኛ የጠራናችሁ ለሰርግ ነው» አሉ። ዘፋኟ ፈገግታዋን ሳትቀንስ ወደ እኔ ዞር አለችና ማይኩን ከአፏ አርቃ «ወንድሜ፣ ወዴት እየወሰድኸኝ ነው?» አለችኝ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ድምፁን ጨምሮ ነገሩን በጭፈራ አድበሰበሰው።

አምባሰል ምድር ላይ፣ ለአምባሰል ሰው፣ አምባሰልን ትዝታ አድርጌ አቀረብሁለት። ያውም የአገር ልጅ ነኝ ብዬ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ዕቃ ስንሰበስብ ኪቦርድ ተጫዋቹ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ አልተቆጣም። «ነገ መልሱ ላይ አምባሰልን አንድ ጊዜ እሰጥሃለሁ» አለ። «ከያዝኸው አብረን እንሄዳለን። ካልያዝኸው መንገዳችን በሐይቅ ነው፤ እዚያው ወርደህ ቤትህ ትገባለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ጄኔሬተሩ ገና አልተነሣም። ቤዙን ይዤ ወደ ግቢው የእንጨት በር ሄድሁና ጫፉን አስደገፍሁበት። ያችን የአምባሰልን ማረፊያ መታሁ። ጠበቅሁ። መልሼ መታሁ። ሌላ ምንም የለም፤ እሷኑ። ስለ አዲስ አበባ አስባለሁ፣ ጣቴ ሊሄድ ይነሣል። እህቴ መርፌውን ረስታው እንዳይሆን እላለሁ፣ ጣቴ ይነሣል። የሙሽራዋ እናት እንባ ትዝ ይለኛል፣ ይነሣል። ጥርሴን ነክሼ እመልሰዋለሁ። አንድ ድምፅ ላይ መቆም እንዲህ የሚያደክም ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ላብ አጠመቀኝ። አብሳዮቹ በዚያ ሲያልፉ እርስ በርስ ተያይተው ሳቁ።

ዘፋኟ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ፊቷን ልትታጠብ ወጣች። ሰማችኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ስለ ትናንቱ አላነሣችም፤ በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ጀመረች። ወጣች፣ ራቀች፣ ድምፅዋን እንደ ልቧ ጎተተችው። ልከተላት አማረኝ። አልተከተልሁም። ስትመለስ እዚያው አገኘችኝ። እንደገና ሄደች፣ ከፊተኛው ይልቅ ራቀች፤ ስትመለስ አሁንም አለሁ። «እንዲህ ቁምልኝ እንጂ፤ እኔ ልሂድ» አለችና ውኃዋን ልትቀዳ ተነሣች።

መልሱ ላይ አምባሰል ሲጠራ ጣቴን ማረፊያዋ ላይ አስቀመጥሁ። ኪቦርድ ተጫዋቹ ዓይኑን ከእጄ ላይ አልነቀለም። ዘፋኟ ጀመረች። ያዝኋት ያችን ድምፅ። ክሩ ከበደኝ፣ ጣቴን ጠዘጠዘኝ፣ ሁለት ጊዜ ልለቅ ምንም አልቀረኝም። አልለቀቅሁም። የሙሽራዋ አጎት ዱላቸውን ይዘው ተነሡ። ሌሎቹም ተነሡ። ትናንት ያለቀሱት እናት መሃል ገብተው እልልታውን አቀለጡት። እኔን ያየ አንድም ሰው የለም፤ እኔም ዘፈኑን አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ሲያልቅ ኪቦርድ ተጫዋቹ «ዕቃህን ጫን» አለኝ።

ለእህቴ ደወልሁላት። «አለፍሁ» አልኋት። የጭማቂ መፍጫውን ስታጠፋው ሰማሁ።  «አልሐምዱሊላህ» አለች። «ልብስህን ላዘጋጅልህ?»

«አዘጋጂልኝ።»

ስለ እናታችን አልጠየቅኋትም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ብጠይቅ የምሰማውን ስለፈራሁ ዋጥሁት። በመንገድ ላይ ሚኒባሱ ውስጥ ሁሉም ይዘፍናል፣ ይሳሳቃል። እኔ መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። ሹፌሩን ፍጠን ልለው እፈልጋለሁ፤ ሐይቅ ስንቃረብ ደግሞ ቀስ በል ልለው አማረኝ።

እህቴ ጭማቂ ቤቷ ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። አጠገቧ ያለውን ሻንጣ አወቅሁት። ከጅዳ የመጣችበት፣ ጎማ ያለው ትልቁ ሻንጣ ነው። በሩን ከፍቼ አንድ እግሬን አወረድሁ።

«ሻንጣሽ አይደለም እንዴ?» አልኋት።

«አንተ ሻንጣ የለህ። በማዳበሪያ ይዘህ ልትገባ ነው አዲስ አበባ?»

«አንቺስ በምን ልትሄጂ ነው?»

«የት?»

«ጅዳ።»

ሻንጣውን ወደ እኔ ገፋችው። «ማዳሜ ትናንትና ደውላ ቪዛው ወጥቷል ብላኝ ነበር» አለች። የሌላ ሰው ጉዳይ የምታወራ ነበር የሚመስለው።

«ምን አልሻት?»

«ትናንት ምንም አላልኋት። ዛሬ መለስሁላት። አንተ ከደወልህልኝ በኋላ ለሌላ ሰው ስጪው አልኋት።»

ለካ ወሬ አልነበረም። አንድ እግሬ ሚኒባሱ ላይ፣ አንድ እግሬ አስፋልቱ ላይ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ። «ልውረድ?» አልኋት። እውነቴን ነበር፤ በዚያች ሰዓት እሺ ብትለኝ እወርድ ነበር። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እሺ ልትል የፈለገች መሰለኝ። እንደፈለገች ዛሬም አምናለሁ።

«አብሽር። እማን እወጋታለሁ» አለች። «ግባ፣ ሰው እየጠበቀህ ነው።»

ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ሻንጣውን አስገባሁ፣ ገባሁ፣ በሩ አጠገብ ተቀመጥሁ። በሩን መዝጋት የነበረብኝ እኔ ነኝ። እጄን ግን አላነሣሁም፤ በሩም ተከፍቶ ቆየ። ከውጭ ገፍታ የዘጋችው እሷ ናት።